የፋብሪካ ሥራ ወይስ ሦስት መቶ ዶላር፦ በኢትዮጵያ የተደረገ የአንድ ሙከራ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ድህነት በየት በኩል ይቀነሳል የሚለው ክርክር እኛ አገር አያረጅም። አንዱ ወገን «ባለሀብቱ ይምጣ፣ ፋብሪካው ይቁም፣ ጥቅሙ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል» ይላል። ሌላው «ገንዘቡን በቀጥታ ለድሃው ስጡት፣ ገበያውን እሱ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል» ባይ ነው። ሁለቱም ምሳሌ አያጡም። ስለዚህ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ማን ጮክ ብሎ ተናገረ በሚለው ነው።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን፣ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ የሞከረ ሥራ ግን አለ። የተሠራውም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀመሩት። የአንድ ዓመቱ ውጤት በ2018 ታተመ። ሳይመን ፍራንክሊን የተጨመረበት የአምስት ዓመቱ ውጤት ደግሞ በ2022 ወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የድርጅቶቹንም የሠራተኞቹንም ስም አላነሳም፤ ለጉዳዩ አያስፈልግም።

ይህ ጥናት ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ በግማሽ ነው። ፋብሪካ የማይወድ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት ያነሳል። ገንዘብ ማደልን የማይወድ ደግሞ አምስተኛውን። ሙሉውን አንድ ላይ ማስቀመጥ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ዳራ

በይፋዊው መለኪያ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በ2000 45.5 በመቶ ነበር። በ2011 ወደ 29.6 በመቶ ወረደ። በ2016 ደግሞ 23.5 በመቶ ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው። ቅናሹ ከየት መጣ ለሚለው የዓለም ባንክ የድህነት ግምገማ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለግብርና ዕድገት ነው። በ2005 የተጀመረው ሴፍቲኔትም እጁ አለበት። ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው የደረሰበት ጊዜ ነበር። አቅም ያለው እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ አቅም የሌለው ደግሞ እንዲሁ እህል ወይም ብር ይቀበል ነበር።

ፋብሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገና ትንሽ ቦታ ነው የነበረው። ተስፋው ግን ትልቅ ነበር። በ2010 የወጣው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለቆዳና ለመሳሰሉት ቅድሚያ ሰጠ። ለባለሀብቱ የግብር እፎይታ፣ በዝቅተኛ ሊዝ መሬትና የልማት ባንክ ብድር ተዘጋጀለት። አንዱ ትልቅ መሳቢያ ደግሞ ርካሽ ጉልበት ነበር። በግሉ ዘርፍ ላይ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መባል አለበት። ከላይ የሚጀምረው መንገድ በነፃ የሚመጣ ይመስለናል። የግብር እፎይታም፣ ርካሽ መሬትም፣ ርካሽ ብድርም ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለድሃው ሦስት መቶ ዶላር ሲሰጥ «ወጪ» ይባላል፣ ለባለሀብቱ ግብር ሲቀርለት «ማበረታቻ» ይባላል። ሁለቱም ከአንድ ካዝና ነው የሚወጡት።

ችግሩ

የፋብሪካ ሥራ የድሃ ወጣትን ኑሮ ያሻሽላል ወይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ማግኘት ግን ከባድ ነው። ፋብሪካ የገባውንና ያልገባውን ብናወዳድር ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያውኑ አንድ አይደሉም። አንዷ ጎበዝ፣ ጤነኛና ዘመድ ያላት ልትሆን ትችላለች። ሌላዋ ጠዋት ልጇን የምታስቀምጥበት ያጣች። በኋላ የምናየው የገቢ ልዩነት ፋብሪካው ያመጣው ይሁን ከቤት የመጣ አይታወቅም።

ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሲጀምሩ የፋብሪካ ሥራ ይሻላል የሚል ግምት ነበራቸው። ብዙው የሙያ አጋራቸውም የሚያምነው ይህንኑ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆን እንኳ ቋሚ ነው፣ ከጉሊትና ከቀን ሥራ ይሻላል የሚል ነው ክርክሩ። የደሀ አገር ሰው ፋብሪካ በር ላይ የሚሰለፈው ቢጠቅመው ነው እንጂ ለምን ይሰለፋል?

የተወሰዱ እርምጃዎች

ተመራማሪዎቹ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማሙ። ጫማ የሚሠራ፣ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ የሚያመርት፣ መጠጥ የሚያሽግ፣ አበባ የሚያለማና አትክልት የሚያመርት ነበሩ። ድርጅቶቹ ሁልጊዜም ከሚፈልጉት በላይ አመልካች ይመጣባቸዋል። ስለዚህ ብቁ ከሆኑት መካከል የሚቀጠረው በዕጣ እንዲለይ ተደረገ። ዕጣ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ዕቁቡም ኮንዶሚኒየሙም በዕጣ ነው።

አመልካቾቹ ወደ 950 ይጠጉ ነበር። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ።

የመጀመሪያው ቡድን የፋብሪካ ሥራውን አገኘ። በተለመደው ደመወዝና በተለመደው የሥራ ሁኔታ ነው፤ ምንም የተለየ ነገር አልተጨመረለትም።

ሁለተኛው ቡድን ለጥቂት ቀን የንግድ ሥልጠና ወሰደና 300 ዶላር ተሰጠው። በጊዜው ምንዛሪ 5 ሺህ ብር ገደማ ነው። ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ደረሰኝ አምጡም አልተባለም።

ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። እንደ ድሮው የራሱን ኑሮ ቀጠለ። ይህ ቡድን በወሬ ደረጃ ሲታይ አሰልቺው ነው፤ ለጥናቱ ግን ከሦስቱ ዋናው እሱ ነው። ያለ እሱ ሁለቱ ከምን ጋር ይወዳደራሉ?

የመጀመሪያው ዓመት

ከዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ጠየቁ። የ300 ዶላሩ ቡድን ገቢው ምንም ካልተሰጠው በ33 በመቶ በልጦ ተገኘ። የሥራ ሰዓቱም የተረጋጋ ሆነ። ንግዱ የሚደንቅ አልነበረም። ችርቻሮ፣ ከብት፣ ትንሽ እርሻ፣ ሰፈር ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ነው። ግን ሠራ።

የፋብሪካው ቡድን ብዙ ሰዓት ሠርቷል። ገቢው ግን ከሦስተኛው ቡድን ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። ምክንያቱ ደመወዙ ነው። በሰዓት ሲሰላ ተራው ሥራ ከሚያስገኘው ያነሰ ነበር። ጉሊት የምትቸረችር፣ የሰው ቤት የምታጥብ ወይም የቀን ሥራ የምትሠራ ሴት በአጭር ሰዓት ተመሳሳይ ብር ታገኝ ነበር።

ከገቢው በላይ ያስደነገጠው ጤናው ነው። ከባድ የጤና ችግር ወይም ጉዳት ከ4 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ። ፋብሪካ ውስጥ በተቆየ በእያንዳንዱ ወር ከባድ የጤና ችግር የሚገጥመው ሰው በአንድ የመቶኛ ነጥብ ይጨምር ነበር። አቧራ፣ የኬሚካል ሽታ፣ ቀኑን ሙሉ መቆም፣ አንድ እጅ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ማድረጉ።

ከዚህ ሁሉ አስተማሪው ቁጥር ግን መልቀቁ ነው። ሥራውን ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ። ዓመት ሳይሞላ 77 በመቶው ወጥቶ ነበር። ከወጡት ደግሞ አብዛኞቹ ሌላ ፋብሪካ አልገቡም። ዘርፉን ጨርሰው ተዉት።

ለምን ለቀቁ?

አሠሪዎች ሠራተኛ ሲለቅባቸው «የሥራ ባህል የለም» ማለት ይወዳሉ። ይህን ከስንት ሰው አፍ ሰምተናል። የጥናቱ መልስ ሌላ ነው። ሰዎቹ ሥራው አድካሚና አደገኛ፣ ክፍያውም የማያዋጣ ሆኖ ስላገኙት ለቀቁ። ሒሳብ ሠርተው ነው የወጡት።

ታዲያ መጀመሪያ ለምን ተመዘገቡ? የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። ለብዙዎቹ ፋብሪካው ክፉ ቀን ማለፊያ ነበር። ሌላው ሥራ ሲጠፋ፣ ቤተሰብ ሲታመም ወይም ባል ሥራ ሲያጣ ገባ ይሉበታል። የተሻለ ሲገኝ ይወጣሉ። በሩ ላይ ያለው ረጅም ሰልፍ ሥራው ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሰልፉ የሚያሳየው ግን ሰው ሲቸግረው የሚጠጋበት ሌላ ነገር እንደሌለው ነው። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ፋብሪካ በአካባቢው መኖሩ ክፉ ቀን ለገጠመው ሰው ዋስትና ነው። የተነገረለት ግን እንደ መሰላል እንጂ እንደ መጠጊያ አልነበረም።

በአሠሪው በኩልም ሒሳብ አለ። ያሠለጠነው ሰው በወሩ ሲሄድ ይከስራል። ግን በር ላይ ሌላ መቶ ሰው ቆሟል። ደመወዝ ከመጨመር መተካቱ ይቀለዋል። ሁለቱም ወገን ለራሱ የሚያዋጣውን ሲያደርግ ሠራተኛው ሙያ ሳይዝ፣ ፋብሪካውም የለመደ እጅ ሳይኖረው ይቀራል።

ከአምስት ዓመት በኋላ

እዚህ ድረስ ያለውን የሰማ ሰው «እንግዲህ ለድሃው ብሩን ስጡት፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም።

ተመራማሪዎቹ በአምስተኛው ዓመት ተመልሰው ሲለኩ ሦስቱ ቡድኖች ተገናኝተዋል። በገቢ፣ በሥራ፣ በጤና ልዩነታቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። 300 ዶላር የወሰዱት ትንንሽ ንግዳቸውን እየተዉ ወጥተው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የታየው ብልጫ አብሮ ሄደ። በፋብሪካ የተጎዱት ደግሞ በጤና ከሌሎቹ የባሱ ሆነው አልተገኙም። ጉዳቱ ጊዜያዊ ነበር ማለት ነው። ይህኛው እንኳ ደስ የሚል ዜና ነው።

ንግዱ ለምን አልቆየም? የተመራማሪዎቹ ድምዳሜ ጠቅለል ያለ ነው። አንዴ ብቻ የሚሰጥና አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ድጋፍ ያሉትን ብዙ እንቅፋቶች አይሻገርም ይላሉ። እኔ የራሴን ልጨምር። 5 ሺህ ብር ሽንኩርትና ቲማቲም ያስይዛል። ሱቅ አያከራይም። ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚነካው የንግዱ ብር ነው። ለቅሶም ሠርግም ከዚያው ነው። ሁለተኛ ጊዜ የሚሞላበት ምንጭ ከሌለ ንግዱ ቀስ በቀስ ይበላል። ከጎንዋ ያለችው ያልተሰጣት ሴት ደግሞ በዕቁብና በብድርና ቁጠባ ስትፍጨረጨር ቆይታ በአምስት ዓመቷ ትደርስባታለች።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በሰሜን ዩጋንዳ በ2008 ለተደራጁ ወጣቶች በነፍስ ወከፍ ወደ 400 ዶላር ተሰጥቶ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው በ38 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ በዘጠነኛው ዓመት ግን ያልተሰጣቸው ደረሱባቸው። የተረፈው ብልጫ በያዙት ንብረትና በሙያ ሥራቸው ላይ ነበር።

«ታዲያ ምን ዋጋ ነበረው?» የሚል ይኖራል። ለአንድ ድሃ ቤት ጥቂት የተሻሉ ዓመታት ከንቱ አይደሉም። ልጅ በልቶ ያድግባቸዋል፣ ዕዳ ይከፈልባቸዋል። ግን ድህነትን ለዘለቄታው ቀነስን ለማለት አይበቃም። ለጋሽ ድርጅቶች ይህን ልዩነት ሲያድበሰብሱ አይቻለሁ።

ያልተለካው

ለከላዩ መንገድ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ይህ ሙከራ የለካው የአንዲት ሠራተኛን ኑሮ ነው። ፋብሪካው የሚከፍለው ግብር፣ የሚያመጣው የውጭ ምንዛሪ፣ ቆዳና ጥጥ የሚያቀርበው ሰው ገቢ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አገሪቱ የምትይዘው ሙያ በዚህ ሚዛን ላይ አይወጡም። እነዚህ ትልቅ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን «ሊሆኑ ይችላሉ» ብሎ የሚከራከር ሰው ከሠራተኛዋ ኪስ ሌላ ማስረጃ ማምጣት አለበት።

አገሪቱ ከዚያ በኋላ የሄደችበት መንገድ ፍንጭ ይሰጣል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ተመረቀ። ከተማው በአንዴ በሺዎች የሚቆጠሩ ከገጠር የመጡ ልጆችን ተቀበለ። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሪፖርት በአገሪቱ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ መዝግቧል። በዚህ ብር አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ሆኖ መከራየት ብርቅ አልነበረም። መልቀቁም ቀጠለ። ከዚያ በጥር 2022 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሥርዓት፣ አስወጣች። አንዳንድ የውጭ ኩባንያዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ከላይ የሚመጣው ጥቅም ወደ ታች ሳይደርስ ምንጩ ራሱ በአንድ የውጭ ፖለቲካ ውሳኔ ሊቀንስ እንደሚችል ያኔ አየን።

ለከታቹ መንገድም ያልተለካ ነገር ነበር። 300 ዶላር ለጥቂት መቶ ሰው ሲሰጥ ገበያው አይሰማውም። ለመንደር ሙሉ ቢሰጥስ? ሁሉም ጀበና ቢያስቀምጥ ቡናውን ማን ይጠጣል? ለዚህ መልስ ያለው ኬንያ፣ ሲያያ አካባቢ ነው። በ653 መንደሮች ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ተሰጠ። እዚያ እያንዳንዱ የገባ ዶላር በአካባቢው ምጣኔ ሀብት ውስጥ ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ ፈጠረ። ዋጋ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልጨመረም። ብሩን ያላገኙ ጎረቤቶችና ባለሱቆችም ተጠቀሙ። እንግዲህ ጥቅም ከታች ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም ይሄዳል።

ለሌላ ቦታ የሚሆኑ ትምህርቶች

የመጀመሪያው ስለ ቁጥር ነው። «ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚል ዜና ስንሰማ የሚጎድለው ጥያቄ ከዓመት በኋላ ስንቱ እዚያው አለ የሚለው ነው። አንድ ወንበር ላይ በዓመት አራት ሰው ከተቀያየረ አራት የሥራ ዕድል ተብሎ መቆጠር የለበትም። የሚለቀው ሰው ብዛት ስለ ደመወዙም ስለ አያያዙም ከማንኛውም ጉብኝት በላይ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ፋብሪካውን ማሻሻል ገንዘብ ከማደል ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም። ጓንት፣ የአየር መውጫ፣ መቀመጫ፣ በቂ እረፍት፤ እነዚህ ትንንሽ ወጪዎች ናቸው። ደመወዙ ደግሞ ወለል ያስፈልገዋል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ርካሽ ጉልበት ማለት ኪራይ ከፍላ በልታ ማደር የማትችል ሠራተኛ ማለት ከሆነ፣ ርካሽነቱን የምትሸፍነው ገጠር ያለችው እናቷ ናት። ጤፍ ትልክላታለች።

ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ከላይም ከታችም የመጣው ድጋፍ እዚህ ጉዳይ ላይ የተፈተነው በአንድ ግፊት ነው፤ አንድ የቅጥር ደብዳቤ ወይም አንድ ጊዜ የተሰጠ ብር። ሁለቱም አልዘለቁም። የዘለቀ ማስረጃ ያለው ተደራርቦ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። በ2015 ይህ ዓይነቱ ድጋፍ የተሞከረባቸው፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ የስድስት አገሮች ውጤት ታትሞ ነበር። እዚያ ቤተሰቡ በግ፣ ፍየል ወይም ንብ ያገኛል፤ እስኪያፈራ ድረስ የሚበላው ይታሰብለታል፤ ይሠለጥናል፤ ይቆጥባል፤ የሚጎበኘው ሰው አለ። በኢትዮጵያ የተሠራው ትግራይ ውስጥ ነበር፣ ሴፍቲኔቱ ላይ ተደርቦ። ድጋፉ ከቆመ ከዓመት በኋላም ለውጡ አልጠፋም። በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተለክቶ አሁንም ይታይ ነበር። ወጪው ከፍ ይላል። ብሩን ሰጥቶ ዞር ማለት ይረክሳል፣ ግን የሚገዛው ጥቂት ዓመት ነው።

አራተኛው ስለ ብድር ነው። በ2017 መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። ያ ብድር ነው፣ በማኅበር ለተደራጁ የሚሰጥ። ከ300 ዶላሩ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ያሳስታል። የሙከራው ሰዎች ለብቻቸው ነበሩ፣ የሚመልሱትም አልነበራቸውም። የማይተዋወቁ አምስት ልጆች ለብድር ብለው ማኅበር ሲመሠርቱ ችግሩ ሌላ ነው።

በእነዚህ ፕሮግራሞች ሪፖርት ላይ የምናየው ስንት ብር እንደተሰራጨና ስንት ሰው እንደተደራጀ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ሱቅ ክፍት እንደሆነ ቢመዘገብ ወረዳው ራሱ የሚሠራበት መረጃ ያገኛል። ለዚህ ተመራማሪ ከውጭ መጠበቅ አያስፈልግም። የተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥር መዝገቡ ላይ አለ። የሚደውል ሰው መመደብ ነው።